ማህፀን ብለን ከፍተን ጣፊያ ያገኘንበት ሌሊት

ይህ የአንዲት እናት የሕክምና ታሪክ ነው። ባህር ዳር ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አዳር ተረኛ ሆኜ ነው ያገኘኋት። ባለቤቷ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ማንነቷ እንዳይለይ ዕድሜዋንና ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የሕክምናውን ነገር ግን እንደሆነው አስቀምጬዋለሁ፤ የተሳሳትንበትንም ጭምር።

አንዲት ሴት ሆዷ ውስጥ ደም ፈስሶ ስትመጣ የሁላችንም ሐሳብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማህፀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ያን ሌሊት ግን አልነበረም።

ከመምጣቷ በፊት የነበረው

ታማሚዋ 38 ዓመቷ ነው። ከወረታ ወጣ ካለ ቀበሌ፣ ከፎገራ ሜዳ የመጣች ሩዝ አምራች ገበሬ ናት። ሦስት ልጆች አሏት። የሦስት ወር መርፌ ስለምትወጋ የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቷል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ሕመሙ የጀመራት ከሁለት ወር በፊት ነው። ከግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ይከብዳታል። ሁለት ጉርሻ ስትበላ ትጠግባለች። ጎረቤት "ጨጓራ ነው" አለ። ጤና ጣቢያም የጨጓራ መድኃኒት ሰጣት። እኛ አገር ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ኦሜፕራዞሉን ጨረሰች፤ ክብደቱ ግን አልለቀቃትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ያያት ባለሙያ አስተኝቶ ሆዷን ዳሰሰ። ጣፊያዋ አብጧል። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። በወረፋ ብዛት የታማሚ ሆድ ሳንነካ የምንሸኝ ብዙዎች ነን። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቆሞ በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታበት ጊዜ። በዚያ ወቅት ጣፊያ ካበጠ ወባ ይባላል። የደም ምርመራው ወባ የለም አለ። እሷ ግን የወባ መድኃኒት ወስዳ ሄደች።

ሦስተኛው ምልክት ትከሻዋ ላይ መጣ። እኛ ዘንድ ከመድረሷ አራት ቀን በፊት የሩዝ ነዶ ስትሸከም ዋለች። ማታ ተኝታ ሳለ ግራ ትከሻዋን ክፉኛ ወጋት። "ሸክሙ ነው" ተባለ። ወጌሻ መጥቶ ትከሻዋን በቅቤ አሻት። ሆዷን አለማሸቱ ያን ቀን አተረፋት ብዬ አምናለሁ።

ትከሻዋ ምንም አልሆነም ነበር። ጣፊያ የተቀመጠው ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም ሥር፣ በግራ በኩል ነው። ከጣፊያ ደም ሲፈስ ድያፍራሙን ያስቆጣዋል። የድያፍራም ነርቭ ደግሞ የሚነሣው ከአንገት ነው፤ የትከሻ ጫፍ ቆዳም ስሜቱን የሚያገኘው ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ አንጎል ሆድ ውስጥ ያለውን ሕመም ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። በሕክምና የኬር ምልክት ይባላል። ይህ ማለት ደሙ ከአራት ቀን በፊት በትንሹ መንጠብጠብ ጀምሯል ማለት ነው። ክንዷን ወደ ላይ አንሺ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር ያለ ምንም ችግር ታነሣው ነበር።

የመጣችበት ሌሊት

የኅዳር ወር ነው። ማታ ቡና ልታፈላ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ራሷን ስታ ወደቀች። ከቀበሌዋ እስከ አስፋልቱ በባጃጅ፣ ከዚያ ወረታ፣ ከወረታ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በአምቡላንስ ተጉዛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደረሰች። የሪፈራል ወረቀቱ "ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሳይፈነዳ አይቀርም" ይላል።

የልብ ምቷ በደቂቃ 132 ነው። የደም ግፊቷ 80 በ50። እጇ ቀዝቅዟል። የዓይኗን ሥር ገልጬ ሳየው ወረቀት መስሏል። ሆዷ ተነፍቷል፤ ስትነካ ታቃስታለች።

የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን፣ የቀይ ደሟ መለኪያ፣ 9.8 መጣ። አብሮኝ የነበረው ኢንተርን፣ ገና በልምምድ ላይ ያለ ሐኪም፣ ትንሽ ተንፈስ አለ። አልፈረድኩበትም፤ ቁጥሩ ያታልላል። በፍጥነት የሚደማ ሰው ውስጥ የቀረው ደም ያው የድሮው ደም ነው። ቁጥሩ የሚወርደው ከሰውነት ውሃ ወደ ደም ሥር ሲገባ፣ ወይም እኛ በደም ሥር ፈሳሽ ስንሰጥ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ 5.9 ሆነ።

አልጋዋ አጠገብ አልትራሳውንድ አደረግኩ። ዳሌዋ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ አለ። በጉበትና በኩላሊት መካከልም አለ። ወደ ግራ ስሄድ ጣፊያዋ አካባቢ የተዘበራረቀ ነገር አየሁ። የረጋ ደም ነው ብዬ አለፍኩት። ጣፊያዋን አንድ ደቂቃ ቆሜ ባየው ኖሮ እብጠቶቹን አገኛቸው ነበር። የማያቸውን ነገር ስም ሰጥቼው ስለገባሁ ሌላ ነገር አልታየኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከሆዷ በመርፌ ስንስብ የማይረጋ ደም ወጣ። የእርግዝና ምርመራው ነጌቲቭ ሆነ። ደገምነው፤ ነጌቲቭ። "ሽንቷ ቀጥኖ ይሆናል" አለ አንዱ። "የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቷል" አለ ሌላው። የቀረው ግን በመርፌው ነው። መርፌውን በጊዜው የምትወጋ ሴት የማርገዝ ዕድሏ በጣም ጠባብ ነው፤ ምርመራዋ ሁለት ጊዜ ነጌቲቭ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሐሳብ እግር አውጥቶ ከፊታችን ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተሳሳትንም። ሲቲ ስካን ይሠራላት አላልንም። ግፊቱ የወደቀ ሰው ቦታው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ

የማህፀን ሐኪሞቹ በተለመደው መንገድ፣ ከእምብርት በታች ወደ ጎን ሊከፍቱ ተዘጋጁ። ይህን ጊዜ የኦፕራሲዮን ክፍሏ ነርስ ጠየቀች። ብዙ ዓመት የሠራች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሰው ናት። "ምርመራዋ ሁለቴ ነጌቲቭ ነው አላችሁኝ። ታዲያ ለምን ወደ ላይ ሊቀጥል በሚችል ቁመት አትከፍቱትም? ቀዶ ሐኪሙንስ ልጥራው?"

ከማህፀን ሐኪሞቹ ሲኒየሯ ትንሽ ዝም ብላ "ልክ ነሽ፣ ጥሪው" አለች። ቆዳው ከእምብርት በታች፣ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ።

ደሙ ፈልቆ ወጣ። ማህፀኗ ደህና ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ደህና ናቸው። እንቁልጢዎቿም እንዲሁ። ደሙ ግን ከላይ መውረዱን አላቆመም። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲገባ ክፍተቱ እምብርቷን አልፎ እስከ ደረቷ ጫፍ ተራዘመ። ወደ ጎን ተከፍቶ ቢሆን ሌላ አዲስ ክፍተት ያስፈልግ ነበር። ያን ያህል ጊዜ አልነበራትም።

ጣፊያዋ ጠቁሮ አብጧል። ፊቱ ላይ ደም የቋጠሩ እብጠቶች ተደርድረዋል። በታችኛው ጫፍ ያለው አንዱ ተቀድዶ ደም ይተፋል። ቀዶ ሐኪሙ በጨርቅ አፍኖ ያዘው፤ ከዚያ የደም ሥሮቹን ቆንጥጦ አሰራቸው። ጣፊያው ወጣ። ሲመዘን 900 ግራም ገደማ ሆነ። የጤነኛ ሰው ጣፊያ ከ150 እስከ 200 ግራም ነው። ከሆዷ የተጠራቀመው ደም ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። ለእሷ ሰውነት ይህ ካላት ደም ከግማሽ በላይ ነው።

ደሙን እንመልስላት ወይስ አንመልስ

የዚያ ሌሊት ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። ደም ባንክ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ኦ ፖዘቲቭ የተገኘው ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሲፈነዳ፣ ደም ሲጠፋ፣ አንድ የታወቀ መላ አለን። ከሆድ የፈሰሰውን ንጹሕ ደም ቀድተን፣ በጋዝ አጥልለን፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ከረጢት አድርገን ለራሷ እንመልሰዋለን። ብዙ እናቶች በዚህ ተርፈዋል። ለእሷም አዘጋጅተነው ነበር። ወደ 700 ሚሊ ሊትር ተቀድቷል።

እብጠቶቹ ሲታዩ ቀዶ ሐኪሙ "ቆይ፣ እንዳትሰጧት" አለ። ካንሰር ከሆነ የፈሰሰው ደም የካንሰር ሕዋሳት ይዞ ይሆናል። መልሶ በደም ሥሯ መስጠት መዝራት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ደግሞ ግፊቷን እያየ ነው፤ 70 በ40። "ዛሬ ከሞተች ነገ ካንሰር የሚባል ነገር የለም" አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

የተደረሰው ስምምነት እንዲህ ነበር። ከረጢቱ አጠገብ ይቀመጥ። ሁለቱ የባንክ ደሞች ይሰጡ። የደም ሥሩ ታስሮ መድማቱ ከቆመና ግፊቷ ከተነሣ አይሰጥም። ካልተነሣ ይሰጣል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ግፊቷ 95 ደረሰ። ከረጢቱ ሳይሰጣት ቀረ። ወንድሟ፣ ባለቤቷና ሁለት ኢንተርኖች ደም ሰጡ፤ የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የቂጥኝ ምርመራው አልቆ ሊነጋ ሲል ሁለት ከረጢት ተጨመረላት። በስምንተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

ባልዲው

ጣፊያው ምን እንደነበረው የሚያውቀው ፓቶሎጂ፣ ከሰውነት የወጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክፍል ነው። እዚህ ላይ ነው ያበላሸነው። ሌሊት ሁሉም ደክሟል። ጣፊያው ሳይቆረጥ ሙሉውን ባልዲ ውስጥ ተጨመረ፤ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ግማሹን እንኳ በማይሸፍን መጠን ተደረገበት። ሁለት ቀን እንዲሁ ተቀመጠ።

ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥጋ ወፈር ባሉ ቁራጮች መሰንጠቅ፣ ፎርማሊኑም የሥጋውን አሥር እጥፍ መሆን ነበረበት። መሐሉ በሰበሰ። የመጀመሪያው ውጤት "የደም ሥር ዕጢ ነው፤ ክፉ ይሁን ደህና መለየት አልተቻለም" አለ። ከጠርዙ የተረፈው ናሙና ልዩ የፕሮቲን ምርመራ እንዲሠራበት አዲስ አበባ ተላከ። ወጪውን ቤተሰቡ ቻለው፤ በእኛ ስሕተት የመጣ ወጪ መሆኑን ነግረናቸዋል። መልሱ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት አለፈ።

አንጂዮሳርኮማ ነበር፤ ከደም ሥር የሚነሣ ካንሰር።

ስለዚህ ዕጢ በአጭሩ

ጣፊያ ከልብ ከሚወጣው ደም 5 በመቶ ያህሉ የሚያልፍበት ማጣሪያ ነው። ሽፋኑ ስስ ነው። ስለዚህ ከተቀደደ ደሙ አይቆምም። ያለ አደጋ የሚቀደደው ግን አልፎ አልፎ ነው። በእኛ ዓይነት አገር የተለመደው ምክንያት ወባ ነው። ከቆላ አካባቢ የሚመጣው ካላዛርና የጣና ዳር ቢልሃርዚያም ጣፊያን ያሳብጣሉ። ከራሱ ከጣፊያ የሚነሡ ዕጢዎች ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው። ደህና ከሆኑት ውስጥ በብዛት የሚታየው ሂማንጂዮማ ነው፤ የደም ሥሮች ቋጠሮ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸ ሊቶራል ሴል አንጂዮማ የሚባልም አለ።

አንጂዮሳርኮማ ክፉው ነው። ከጣፊያ የሚነሣው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ እንኳ አይይዝም። የሚሠራቸው የደም ሥሮች ደካማና የተዛቡ ናቸው፤ ስለዚህ ጣፊያው በራሱ ይቀደዳል። ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ሐኪም ፊት የሚደርሰው ጣፊያው ተቀድዶ ነው። ከመቀደዱ በፊት ጣፊያው የወጣለት ሰው የተሻለ ዕድሜ ያገኛል። ከተቀደደ በኋላ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት መሄዱ ብዙ አይቆይም።

ማን ይነገረው

ውጤቱ ሲመጣ ወንድሟ ብቻውን መጣ። "ዶክተር፣ ለእሷ እንዳይነግሩብኝ፤ ትደነግጣለች" አለኝ። ይህ ልመና ከፍቅር ነው የሚመጣው። በየሳምንቱ የምንሰማው ነው። እሺም እንቢም አላልኩትም። "መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ እሷን ልጠይቃት፤ አልፈልግም ካለች አልናገርም" አልኩት። ተስማማ።

ስጠይቃት ወንድሟን አየችው። ከዚያ "የታመምኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን ለማን እንደምተው የማስበውም እኔው ነኝ። ይንገሩኝ" አለች። ነገርኳት። ብዙ አላለቀሰችም። ሐሳቧ ታላቅ ልጇ ላይ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ካንሰር ወደሚታከምበት ሆስፒታል ላክናት፤ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄዳ መድኃኒት ወሰደች። በአራተኛው ወር አልትራሳውንድ ጉበቷ ላይ እብጠቶች አሳየ። ከዚያ በኋላ ቤቷ መሆን መረጠች። በስምንተኛው ወር ቤቷ ውስጥ፣ ልጆቿ አጠገብ አረፈች። ካልነገርናት ኖሮ እነዚያን አራት ወራት በአዲስ አበባ መንገድ ታሳልፋቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ጉዳይ የወሰድነው

ሆድ ውስጥ ደም ኖሮ የእርግዝና ምርመራው ነጌቲቭ ከሆነ፣ ከመከፈቱ በፊት ቀዶ ሐኪም ይጠራል። ቢላዋ የሚሄደውም ከላይ ወደ ታች ነው። ይህ አሁን በእኛ ዘንድ የተለመደ ሆኗል። መነሻው የነርሷ ጥያቄ ነው።

አልትራሳውንድ የያዘ ሰው ፈሳሹን ብቻ አይቶ አይቁም። ጣፊያውንና ጉበቱን ራሳቸውን ይይ። ጣፊያው አብጦ የወባ ምርመራው ባዶ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ሰውየው ቶሎ የሚጠግብና የሚከብደው ከሆነ፣ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። አልትራሳውንድ ወዳለበት ቦታ መላክ አለበት። ይህች እናት ሁለት ወር ነበራት። እኔ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያ ሁለት ወር ነው።

የሚወጣ ጣፊያ ሁሉ ይሰንጠቅ፣ በብዙ ፎርማሊን ይነከር፣ ፓቶሎጂም ይሂድ። አሁን ኦፕራሲዮን ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ሐኪም ላልሆናችሁ ደግሞ፦ ከግራ ጎድን ሥር ሳምንታት የቆየ ክብደት፣ ያለ ምክንያት የመጣ የግራ ትከሻ ውጋት፣ ስትነሡ የሚያዞር ድካም፣ እነዚህ ሦስቱ አብረው ከመጡ ቀን አትቁጠሩ፤ ሆስፒታል ሂዱ። ያበጠ ጣፊያ ያለበትን ሆድ ማሸት ጣፊያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ወጌሻ ዘመድ ያላችሁም ይህን ንገሯቸው።

የትኩሳቱ ካርድ

ጣፊያ የሌለው ሰው ለአንዳንድ ጀርሞች በጣም ይጋለጣል። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ጀርሞች በአንድ ቀን ሊገድሉት ይችላሉ። ወባም ይከብድበታል። ከድንገተኛ ኦፕራሲዮን በኋላ ክትባቱ ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ቢሰጥ ይመረጣል። የሳንባ ምች ክትባት በ2004 ዓ.ም. ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት ጀምሯል፤ ለአዋቂ ግን ባህር ዳር ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረን አጣን። በመጨረሻ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ የሳንባ ምቹን ብቻ አመጣልን። ለቀረው አሞክሲሲሊን ቤቷ እንዲቀመጥ፣ አጎበር እንዳይለያት አደረግን። ትኩሳት ሲይዛት የምታሳየው ካርድም ጻፍንላት።

ካርዱን የጻፍነው በእንግሊዝኛ ነበር። በሦስተኛው ወር ሌሊት ትኩሳት ያዛት። ባለቤቷ አሞክሲሲሊኑን ሰጥቶ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ካርዱን ለጥበቃው አሳየ፤ ለካርድ ክፍሉም አሳየ። "ወረፋ ጠብቁ" ተባሉ። ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ወባ ነበር፤ ታክማ ዳነች።

ባለቤቷ በማግስቱ ካርዱን ይዞ ልጁ የምትማርበት ትምህርት ቤት ሄደ። ትርጉሙን ጠይቆ አንድ መምህር በጀርባው በአማርኛ እንዲጽፍለት አደረገ። በስድስተኛው ወር እንደገና ትኩሳት ሲይዛት ጥበቃው ራሱ አንብቦ ወደ ውስጥ ሮጠ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መርፌ ተወጋች።

ካረፈች በኋላ ባለቤቷ መጥቶ ካርዱን ሰጠኝ። "ዶክተር፣ ለሚቀጥለው ሰው በዚህኛው በኩል ያለውን ይጻፉለት" አለኝ። አሁን ጣፊያው ለወጣ ታማሚ ሁሉ የምንሰጠው የመምህሩን ጽሑፍ ነው። እንዲህ ይላል፦

"ይህ ሰው ጣፊያ የለውም። ትኩሳት ካለው ወረፋ አይጠብቅም። አሁኑኑ መርፌ ይወጋ፤ የወባ ምርመራም ይደረግለት። ደብዳቤውን የምታነቡት ጥበቃም ብትሆኑ፣ እባካችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት።"